እናቴ ነጠላዋን ያዘቀዘቀችበት ሰሞን

በመቱ ሰው ዝም ብሎ አይሄድም፤ የሚሄድበት አለው። ወፍጮ ቤት ይሄዳል፣ ቀበሌ ይሄዳል፣ ቤተ ክርስቲያን ይሳለማል፣ አራስ ይጠይቃል፣ ለቅሶ ይደርሳል። መንገድ ላይ ያገኘሽ ሰው ሰላምታውን ሳይጨርስ «ወዴት ነው?» ይልሻል። ኦሮምኛ የሚቀናው ደግሞ «ኤሳ ዴምቱ?» ይላል። ክፋት የለውም፤ ግን መልስ ይጠብቃል። መልስ ካጣሽ ቆሞ ያይሻል።

እኔ ይህን ጥያቄ ከልጅነቴ ጀምሮ እፈራው ነበር። ከስድስተኛ ክፍል ያቆምኩት እናቴን ገበያ ላግዛት ብዬ ነው እላለሁ። ይህ ግማሹ እውነት ነው። ሌላው ግማሽ ጥቁር ሰሌዳ ፊት ስቆም ድምፄ ስለሚጠፋ ነው። ከዚያ በኋላ ዋናውን መንገድ ትቼ በየጓሮው መሄድ ለመድኩ። የትኛው አጥር የት ጋ እንደሚያሾልክ፣ የትኛው ውሻ ጮሆ ብቻ እንደሚተው፣ የትኛው ደግሞ ድምፁን አጥፍቶ መጥቶ እንደሚነክስ አሁንም በቃሌ አውቃለሁ።

እናቴ ገበያ ውስጥ ቅመም ትሸጣለች፤ ኮረሪማ፣ ጥምዝ፣ ዝንጅብል፣ በሶብላ። ጠዋት ዱካዋ ላይ ከተቀመጠች እስከ ማታ አትነሳም። ሁሉንም ነገር እጇን ዘርግታ ታገኘዋለች። ቤት ስትመጣ ደግሞ እኔ አለሁ። ውሃውን እኔ፣ ወጡን እኔ፣ መጥረጉን እኔ። ልትነሳ ስትል «ተቀመጪ እማዬ» እላታለሁ። ጎረቤቱ ሁሉ «ልጅ ማለት እንዲህ ናት» ይል ነበር። እኔም እሷን ማስቀመጥ ፍቅር ይመስለኝ ነበር።

የዛሬ ጥቂት ዓመት፣ መስከረም ላይ፣ እግሯ ማበጥ ጀመረ። ውሃ ጠጥታ አትጠግብም። ሆስፒታል ወሰድኳት፤ ስኳር ነው ተባለ። ሐኪሟ በእኔ ዕድሜ ያለች፣ ቀስ ብላ የምታወራ ልጅ ናት። ክኒኑን ካዘዘች በኋላ ብዕሯን አስቀመጠች።

«እናቴ፣ ክኒኑ ብቻውን አይበቃም። ሰውነትዎን ያንቀሳቅሱ። በየቀኑ ግማሽ ሰዓት፣ ከቻሉ ከዚያም በላይ፣ ፈጠን ብለው ይራመዱ። ከሦስት ወር በኋላ እንደገና እንለካዋለን። ያኔ ካልወረደ መርፌ መጀመራችን ነው።»

«የምን መርፌ?»

«የስኳር። ቤት ውስጥ ራስዎ ይወጉታል፣ ወይም ልጅዎ ትወጋዎታለች። በየቀኑ።»

እናቴ ዞራ አየችኝ። እሷ ብዙ ነገር አትፈራም። ጓሯችን የገባ እባብ በዘነዘና ስትገድል አይቻለሁ። መርፌ ግን ሌላ ነው። እኔ ልጅ ሆኜ ስከተብ እንኳ ነፍሱን ይማረውና አባቴ እያቀፈኝ ይገባ ነበር፤ እሷ ጆሮዋን ይዛ ውጭ ትቆማለች።

ከሆስፒታሉ በር ስንወጣ ክንዴን ያዘችኝ።

«ለማንም እንዳትናገሪ። ስኳር አለባት እየተባልኩ፣ ከንፈር እየተመጠጠልኝ፣ ገበያ አልቀመጥም። ማርያምን በይ።»

«ማርያምን።»

እኔን ዝም በይ ብሎ ማስማል ዓሣን አትጩኽ ብሎ እንደ ማስማል ነው።

ያን ሰሞን ዋናው መንገድ ዳር፣ አንድ ፎቅ ላይ ጂም ተከፍቶ ነበር። በመስታወቱ በኩል ከታች ይታያል። እናቴ ቆመችና አንጋጣ አየች። አንድ ጎረምሳ ማሽን ላይ ሆኖ ይሮጣል። ላቡ ይንጠፈጠፋል፤ ከቦታው ግን ንቅንቅ አይልም።

«ይሄ ልጅ የሚሮጠው ወዴት ነው?»

«ስፖርት እየሠራ ነው እማዬ።»

«መንገድ ሞልቶ? ጎሬ ድረስ እኮ አስፋልት ነው!» ትንሽ ቆይታ ደግሞ፣ «ወይስ እኔም እዚያ ወጥቼ ከነቀሚሴ ብረት ላንሳልሽ?» አለች።

ሳቅን። የሐኪሟን ቃል ከሰማን በኋላ የመጀመሪያው ሳቃችን ነበር።

በማግስቱ ገበያ ከመውጣቷ በፊት በማለዳ ለእርምጃ ወጣን። ገና ከሰፈራችን ሳንርቅ አንድ ሰውዬ በሩን ሲከፍት አገኘን።

«እትዬ፣ እንዴት አደሩ? ወዴት ነው በጠዋቱ?»

እናቴ ደነገጠች። አፏ ላይ የመጣላትን «ወፍጮ ቤት» አለች።

ሰውዬው ባዶ እጃችንን ተራ በተራ አየ። ወፍጮ ቤቱ የእሱ ነበር። የሚከፍተውም በር የወፍጮ ቤቱ በር ነበር።

በሁለተኛው ቀን ዘንቢል ያዘች። ባዶ ዘንቢል ያሳፍራል ብላ ሦስት ድንች ጨመረችበት። ሦስቱ ድንቾች ከእኛ ጋር ወደ ጎሬ መውጫ ሄደው ተመለሱ። በሦስተኛው ቀን ግን አንድ የሰፈራችን ባጃጅ ነጂ አየን። ባጃጁን ጥግ አስይዞ ወረደና ዘንቢሉን ከእጇ ነጠቃት።

«እትዬ! እኔ እያለሁ በእግርዎ? ያውም ዘንቢል ተሸክመው? ሰው ምን ይለኛል?»

«አይ ልጄ፣ አትቸገር፣ ቅርብ ነው። ለእግሬም ብዬ ነው…»

«እግርዎን አሞዎት ነው በእግር የሚሄዱት? ግቡ እንጂ! በነፃ ነው! በሞቴ!»

በሞቴ ከተባለ በኋላ ምን ይደረጋል? ገባን። እስከ በራችን አደረሰን። ከዚያ ቀን ጀምሮማ ጠዋት ጠዋት በራችን ላይ ቆሞ ይጠብቀን ጀመር። እናቴ ስፖርት ከጀመረች ወዲህ የምትራመደው ከድሮው አነሰ። እንዳናሳዝነው እየገባን፣ ገበያ ጋ እየወረድን፣ እሱም እየመረቀን፣ መስከረም አለቀ። የእኔን የጓሮ መንገድም ሞክረን ነበር። ውሾቹ እኔን ያውቁኛል፤ እናቴን ግን አያውቋትም። እሷን ማሯሯጡንስ አሯሯጧት፤ ግን ሁለተኛ አልሄድም አለች።

አንድ ጠዋት እናቴ ከጓዳ ስትወጣ ነጠላዋን አዘቅዝቃለች። ጥለቱ ወደ ላይ ወጥቶ አንገቷን ከቧል። እንደዚያ የሚለበሰው ለሐዘን ነው።

«ማን ሞተ?»

«ማንም። አንቺም አዘቅዝቂና ተከተይኝ።»

«ኧረ እማዬ፣ ሟርት ነው!»

«ሟርትስ መርፌው ነው» ብላኝ ወጣች።

ከሰፈራችን ስንወጣ የሆነውን አልረሳውም። ወፍጮ ቤቱ ደጃፍ ሰውዬው ቆቡን አወለቀ፤ አንድ ቃል አልጠየቀም። ባጃጅ ነጂው ዘፈኑን አጠፋና ራሱን ዝቅ አደረገ። ሴቶች «እግዜር ያጥናችሁ» ብለው መንገድ ለቀቁልን። ለቅሶ የሚሄድን ሰው ማንም አያስቆመውም፤ በቀልድም አያነጋግረውም። ያዘነ ሰው ደግሞ አንገቱን ደፍቶ ነው የሚሄደው፤ ለእኔ አንገት መድፋት ማን ያስተምረኛል? በሕይወቴ ለመጀመሪያ ጊዜ በዋናው መንገድ መሐል፣ በቀን፣ ሳልፈራ ሄድኩ።

የመጨረሻዎቹን ቤቶች እንዳለፍን እናቴ የነጠላዋን ጫፍ እንደተዘቀዘቀ ወደ ትከሻዋ ወረወረችና እርምጃዋን ጨመረች። ጥቅምት ነው፤ ዝናቡ ጨርሶ አላባራም፤ ጉሙ ከዛፎቹ ወገብ ላይ ተኝቷል። ከመንገዱ ዳር ያለው ቡና መቅላት ጀምሯል። ጉሬዛዎች ከቅርንጫፍ ቅርንጫፍ ሲዘሉ ነጭ ጭራቸው እንደ ነጠላችን ይውለበለባል። እናቴ ጎሬ ነው ተወልዳ ያደገችው። ልጅ ሆና መቱ ገበያ በእግሯ ወርዳ፣ እዚህ ዘመድ ቤት አድራ፣ በማግስቱ ዳገቱን ትመለስ እንደነበር ነገረችኝ። ከዚያ በፊት ነግራኝ አታውቅም። ተቀምጣ የማታስታውሰውን ስትራመድ ታስታውሰዋለች።

በአምስተኛው ቀን ይመስለኛል፣ ከመንገዱ ዳር ለስላሳ መሬት አየችና ቆመች። እንጨት አነሳች። መሬቱ ላይ ቤት ቤት እያደረገች ማስመር ጀመረች።

«ሰኞ ማክሰኞ! በጎሬ የምታሸንፈኝ ሴት ልጅ አልነበረችም» አለች። ጠፍጣፋ ድንጋይ ወረወረችና በአንድ እግሯ ዘለለች። አንደኛው ቤት፣ ሁለተኛው ቤት፤ ሦስተኛው ላይ ሁለተኛ እግሯ መሬት ነካ።

«ወጥተሻል!»

«አልነካም!»

«ነክቷል እማዬ፣ ዱካው ይኸው!»

«ያ የዝናብ ነው!»

ተከራከርን፣ ተገፋፋን፣ እኔም ተራዬን ዘለልኩ። ትንፋሼ ቁርጥ ቁርጥ እስኪል ሳቅሁ። ቀና ስንል ጠዋት ጠዋት የሚሮጡ የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ከፊታችን ደርሰዋል። ነጠላ ያዘቀዘቁ ሁለት ሴቶች በአንድ እግር ሲዘሉ አዩ። ሰላምም አላሉን፤ ሩጫቸውን ጨምረው ጠፉ።

እንግዲህ ያልገባን ነገር ይህ ነበር፤ ለቅሶ የሚደርስ ሰው አንድ ቀን፣ ቢበዛ ሁለት ቀን ነው የሚያዘቀዝቀው። ቀን ከቀን ያዘቀዘቀ ሰው የራሱ ሰው ነው የሞተበት። ሰፈሩ ቀን ይቆጥር ነበር። በዚያ ላይ ሐዘኑ አእምሮዋን ነክቷታል፣ መንገድ ዳር ትዘላለች የሚል ወሬ ከተማሪዎቹ ወጥቶ ገበያ ደረሰ።

በዘጠነኛው ቀን ላብ በላብ ሆነን ስንመለስ ግቢያችን በሰው ተሞልቷል። አግዳሚ ተደርድሯል። ሁለት ሰዎች የእድሩን ድንኳን ይተክላሉ። ከአጥራችን ማዶ የምትኖረው ጎረቤታችን ትልቅ ድስት ሙሉ ንፍሮ ይዛ ቆማለች። እኔ ሃርሜ ነው የምላት፤ በኦሮምኛ እናቴ ማለት ነው፤ ግማሽ አሳድጋኛለች። እናቴን ስታይ ድስቱን መሬት አስቀምጣ ደረቷን መታች።

«ዋይ! እኔ ጎረቤት ነኝ? አጥር ለአጥር ተጠግተን ዘጠኝ ቀን ብቻሽን ታለቅሺ? ምን በድለንሽ ነው?»

የእድሩ ሰብሳቢ ከበስተኋላዋ መጡ። ቀጠን ያሉ፣ ከዣንጥላቸው የማይለዩ፣ ሁሉም የሚፈራቸው እትዬ ናቸው።

«ልጄ፣ ሐዘን አይደበቅም» አሏት። «የወንድምሽን መሞት ከአንቺ አፍ አልሰማንም። አፍረናል።»

«የማንን?»

«የኖፓውን ወንድምሽን ነዋ።»

ማንም ነግሯቸው አይደለም። እናቴ ከእኔ ሌላ ያላት ዘመድ ኖፓ የሚኖረው ታላቅ ወንድሟ ብቻ ስለሆነ ራሳቸው ገምተው ነው። እናቴ ግን ይህን በምን ታውቃለች? ድንኳን ተተክሏል፣ ንፍሮ ተቀቅሏል፣ እድር ተሰብስቧል። መርዶ ያመጡላት መሰላት።

«ወንድም ጋሼን!» ብላ ጮኸች፤ የእውነት አለቀሰች። እሷ ስታለቅስ ሴቶቹ ሁሉ አለቀሱ። እኔም እንደ ልማዴ ከሰው ጀርባ፣ ከድንኳኑ ቋሚ ኋላ ቆሜ አለቀስኩ።

በዚህ መሐል ባጃጅ በራችን ላይ ቆመ። አጎቴ ከውስጡ ወረደ። ኮቱን ገልብጦ ለብሷል፣ እንባው ጢሙን አርሶታል።

«ልጄን! ልጄን! አንድዬ ልጄን!» እያለ ገባ።

አንዷ ሴት ጮሃ አግዳሚው ላይ ወጣች። ሌላዋ ሦስት ጊዜ አማተበች። አጎቴ ማንንም አላየም። እህቱ ማዘቀዘቋን ኖፓ ገበያ ከመቱ ከመጣ ነጋዴ ሰምቶ፣ እሱ ራሱ በሕይወት ስላለ፣ የሞተችው ልጇ ናት፣ እኔ ማለት ነው፣ ብሎ በመጀመሪያው ሚኒባስ መጥቷል። ሄዶ እናቴ አንገት ላይ ተጠመጠመ።

«ሳትነግሪኝ ቀበርሻት? እኔ ሳልደርስ አፈር አለበስሻት?»

«አንተ… አንተ አለህ?»

«ምን አለሁ ይባላል? እሷ ከሄደች!»

ሞተ የተባለው ሞታለች የተባለችውን ሊያለቅስ መጥቷል። እናቴ ፊቱን በሁለት እጇ ትዳስሳለች። ድንኳኑ ጀርባ ሆኜ አንድ ነገር ገባኝ። ዕድሜዬን ሙሉ ሰው እንዳያየኝ ስጥር ኖሬያለሁ፤ አሁን ግን ካልታየሁ ሞቻለሁ ማለት ነው።

ወጣሁ። «ጋሼ፣ አለሁ» አልኩ። ማንም አልሰማኝም። ስለዚህ ጮህኩ። እንደዚያ ያለ ድምፅ እንዳለኝ አላውቅም ነበር።

«አለሁ! ማንም አልሞተም!»

ግቢው ሁሉ ዞረ። የሰው ሁሉ ዓይን እኔ ላይ ነው፤ ያው ጥቁር ሰሌዳው ፊት እንደ መቆም ነው። እናቴ በዓይኗ «እንዳትናገሪ» አለችኝ። መሐላዬ ትዝ አለኝ። ደግሞ መርፌው ትዝ አለኝ። ሁለት ወር ብቻ ቀርቷል፤ ዛሬ ከዋሸን ነገ በምን ሰበብ እንወጣለን?

«እማዬ ስኳር አለባት» አልኩ። «ሐኪም ተራመጂ ብላታለች። ካልተራመደች መርፌ ነው። ባዶ እጃችንን ስንወጣ ወዴት ነው ትሉናላችሁ፤ ዘንቢል ስንይዝ ባጃጅ ውስጥ ታስገቡናላችሁ። ያዘቀዘቅነው መንገድ እንድትለቁልን ነው። ማርያም ይቅር ትበለኝ፣ እማዬ አንቺም ይቅር በይኝ።»

የእድሩ ሰብሳቢ ዣንጥላቸውን መሬት ላይ ተከሉ።

«በሐዘን ልብስ ስፖርት!» አሉ። «በዚህ ዕድሜዬ ይህን ሰማሁ!»

እናቴ ነጠላዋን አፏ ላይ አድርጋ መሬት መሬት አየች። ከዚህ በኋላ ከሰው መሐል እንዴት እንደምትቀመጥ ሳስብ ሃርሜ ጠጋ አለቻት።

«ስንት ነው የአንቺ?»

«ምኑ?»

«ስኳሩ ነዋ። እኔም አለብኝ። ሁለት ዓመቴ።»

«አንቺ?! አጥር ለአጥር ተጠግተን?» አለች እናቴ፤ የራሷን ቃል መለሰችላት።

«እኔ ደግሞ ግፊት ነው» አለች ከአግዳሚው ላይ ገና ያልወረደችው ሴት።

«የእኔ ጉልበት ነው፤ ዶክተሩ ክብደት ቀንሺ አለኝ፣ ለማን ልንገረው?» አለች ሌላዋ። ከዚያ በኋላ ማን እንደሚናገር መለየት አልተቻለም። ሁሉም የደበቀው ነበረው። ሰብሳቢዋ ብቻ ዝም አሉ።

አጎቴ እንባውን ጠርጎ ድንኳኑን ቀና ብሎ አየ። ያለፈው ክረምት ጭቃ እላዩ ላይ ደርቋል፤ ጥጉ ሻግቷል።

«ይቅርታ፣ አንድ ነገር ልጠይቅ» አለ። «እኔ ሞቼ የተተከለልኝ ይሄ ነው? በዚህ ቆሻሻ ድንኳን ነው ልትሸኙኝ የነበረው?»

ሳቁ ከየት እንደጀመረ አላውቅም። ድንኳን ተካዮቹ ቋሚውን ለቀው ተቀመጡ። ሃርሜ ሆዷን ይዛ «ዋቅ! ዋቅ!» እያለች አምላኳን ትጠራለች። ንፍሮው አይደፋም፤ ተበላ። ብዙውን የበላው አጎቴ ነው። «የራሱን ንፍሮ የቀመሰ ከእኔ ሌላ ካለ ንገሩኝ» ይላል እየዘገነ።

ሰብሳቢዋ ግን እድሩን እንዲሁ አይለቁም። ሳቁ ሲበርድ ተነሱ።

«ቅጣት አለ። ያለ ሬሳ ድንኳን አስተክላችኋል። እናትና ልጅ ድንኳኑንም፣ የእድሩን ብርድ ልብሶችም ሶር ወንዝ ወርዳችሁ ታጥባላችሁ። ውሃው ሲጠራ፣ ኅዳር ላይ።»

«ለሁለት ሰው ይከብዳል እኮ እትዬ» አለች ሃርሜ። «እኔም ዘጠኝ ቀን ሳልጠይቃት ቀርቻለሁ። እኔንም ቅጡኝ።»

«እኔም ልቀጣ» አለች ጉልበቷን የሚያማት ሴት።

ኅዳር ሲገባ በአንድ ቅዳሜ ጠዋት ስምንት ሴቶች ሆነን ወረድን። ድንኳኑን ለአራት፣ ብርድ ልብሱን በየጀርባችን ተሸክመን ነው። ቁልቁለቱ ያንሸራትታል፤ አንዷ ስትወድቅ ሁላችንም እንስቃለን፣ ከዚያ ተራችን ይደርሳል። ወፍራም ብርድ ልብስ በእጅ አይታጠብም፤ በእግር ነው። ጠፍጣፋው ዓለት ላይ እናነጥፈዋለን፣ ሳሙና እናፈስበታለን፣ ቀሚሳችንን ወገባችን ላይ ሸጉጠን እንረግጠዋለን። ውሃው አጥንት ይሰብራል። እንዳይበርደን በፍጥነት መርገጥ ነው፤ ፍጥነቱ ደግሞ ራሱ ምት ይሆናል። ሃርሜ «ርገጪው!» ትላለች፣ እኛ «ምኑን?» እንላለን፣ ከዚያ ሁላችንም «ስኳሩን!» እያልን እንረግጣለን። ቀጥሎ «ግፊቱን!» ይመጣል፣ ከዚያ «ጉልበቱን!»። ባለ ጉልበቷ «ኧረ ጉልበቴን ተዉልኝ!» ትላለች።

ሰብሳቢዋ ሊቆጣጠሩን መጥተው ዣንጥላቸውን ዘርግተው ዓለት ላይ ተቀምጠው ነበር። ቆይተው «እንደሱ አይደለም፤ ተረከዝ ነው፣ ተረከዝ!» አሉ። ቆይተው ደግሞ ጫማቸውን አወለቁ። ዣንጥላቸውን እኔ ያዝኩላቸው። ከእኛ ሁሉ ቀጥ ብለው፣ ከእኛ ሁሉ ፈጥነው ረገጡ። ሲጨርሱ ተቀምጠው ትንፋሻቸውን ሰበሰቡና ለእናቴ ብቻ በሚመስል ድምፅ፣ «እኔም ክኒን እውጣለሁ» አሏት።

ዳገቱን ስንመለስ ድንኳኑ ረጥቦ በእጥፍ ከብዷል። እየተቀባበልን፣ እየቆምን፣ እየተሰዳደብን ወጣን። ከተማ ስንገባ እናቴ ጂሙን በዓይኗ አሳየችኝ። ያ ጎረምሳ ማሽኑ ላይ ሆኖ በመስታወቱ ወደ ታች ያየናል፤ ስምንት ሴቶች ጭቃ በጭቃ ሆነው፣ ውሃ የሚንጠባጠብ ድንኳን ተሸክመው ሲዘፍኑ።

«ና ውረድ!» አለችው ሃርሜ እጇን እያወዛወዘች። «ኮቱ፣ ና እንጂ! የእኛ ብረት ይኸው እርጥቡ ድንኳን ነው!»

ቅጣቱ በዚያ ቀን አልቋል። በቀጣዩ ቅዳሜ ግን አንዷ የራሷን ብርድ ልብስ ይዛ በራችን ላይ ቆመች፤ ከዚያ ሌላዋ ምንጣፍ አመጣች። በዚያ ዓመት የሰፈራችንን ያህል ንጹሕ ብርድ ልብስ ያለው ሰፈር በኢሉባቦር አልነበረም። በአዘቦቱም ጠዋት ሃርሜ በአጥሩ ላይ «ካኢ! ተነሺ እንጂ!» እያለች እናቴን ትቀሰቅሳለች። ነጠላችንን በደንቡ ለብሰን በጎሬ መንገድ እንሄዳለን። ያ ያሰመርነው የሰኞ ማክሰኞ ሜዳም አልቀረም፤ ዝናብ ባጠፋው ቁጥር እናቴ ታሰምረዋለች፣ አሁንም ሦስተኛው ቤት ላይ እግሯ ይነካል፣ አሁንም ትክዳለች።

እኔ በበኩሌ «ተቀመጪ» ማለት ተውኩ። ቀላል አልነበረም። ውሃ ልትቀዳ ስትነሳ እጄ ወደ ጆጉ ይሄዳል፣ እመልሰዋለሁ። ገበያም የኮረሪማውን ከረጢት ከአጠገቧ አንስቼ ሩቅ ምሰሶ ላይ ሰቀልኩት። «ጠላቴ ነሽ» አለችኝ። ግን ተነስታ አወረደችው።

ታኅሣሥ መጨረሻ ቀጠሯችን ደረሰ። ሆስፒታል በእግራችን ሄድን። እናቴ መንገዱን ሙሉ ፈጥና፣ በሩ ጋ ስንደርስ ቀስ አለች። ጣቷ ተወግቶ ደም ሲወሰድ ዓይኗን ጨፍና እጄን እስኪደማ ጨመቀችው። ሐኪሟ ወረቀቱን አየች፣ የድሮውን አወጣች፣ ሁለቱን ጎን ለጎን አድርጋ ደግማ አየች። እናቴ መጠየቅ አቃታት። ዞራ እኔን አየችኝ።

«ወርዷል?» አልኩ እኔ።

«ወርዷል» አለች ሐኪሟ። «መርፌውን እንተወዋለን። ክኒኑም እርምጃውም ግን አይቋረጥም፤ በየሦስት ወሩ ይመጣሉ። ለመሆኑ ምን ሲሠሩ ነበር?»

እናቴ ትንፋሿን ለቀቀች። «እሷ ትንገርሽ» አለች፣ በአገጯ እኔን እያሳየች። «አሁን አፍ አውጥታለች።»

ነገርኳት። ድንቹን፣ ባጃጁን፣ ነጠላውን፣ ንፍሮውን፣ ድንኳኑን። ሐኪሟ መነጽሯን አውልቃ ዓይኗን ጠረገች። ወረፋ የሚጠብቁት በሩ ላይ ጆሯቸውን ጥለው ይሰሙ ነበር፤ አላቆምኩም።

ስንወጣ ፀሐይ ወጥቷል። ያ ባጃጅ ነጂ ከሆስፒታሉ በር ትንሽ ራቅ ብሎ ቆሞ ነበር፤ ሲያየን ሮጠ።

«እትዬ፣ እንኳን አገኘኋችሁ! ግቡ። ቤት ነው አይደል?»

«አይ ልጄ» አለችው እናቴ፣ ነጠላዋን ትከሻዋ ላይ እያጣፋች።

«ታዲያ ወዴት ነው?»

እናቴ አፏን ልትከፍት ስትል ቀደምኳት። «የትም» አልኩት፤ ዓይኑን እያየሁ፣ በዋናው መንገድ መሐል፣ ሰው ሁሉ እየሰማኝ። ከዚያ እጇን ይዤ ወደ ጎሬ መንገድ ዞርን።